የቡታጅራዋ ባሂያ

ወልቂጤ ውስጥ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የጨበጥኩት ብሩሽ ሳይሆን ብርጭቆ ወረቀት ነበር። ጌታዬ ጋሽ ታፈሰ ከጎጃም መጥተው ወልቂጤ የከተሙ የግድግዳና የማስታወቂያ ሠዓሊ ናቸው። አንድ ጠጅ ቤት ወስደው ግድግዳ ፊት አቆሙኝና «ይህን ፋቅ። አንተን ሲበቃህ ሳይሆን ግድግዳውን ሲበቃው አቁም» ብለውኝ ጥላ ፍለጋ ሄዱ። እስከ ምሳ ፋቅኩ። ተመልሰው መጥተው ዓይናቸውን ጨፍነው ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበሱት። «ገና ነው» አሉ። እስከ ማታ ስፍቅ ዋልኩ።

በጋሽ ታፈሰ ቤት ማዕረግ ነበረን። ከሁሉ በታች ፋቂ ነው። ፋቂ ሲያድግ ቀለም በጥባጭ ይሆናል፤ ቀለሙን ከተልባ ዘይትና ከማቅጠኛው ከአኳራጅ ጋር እያዋሐደ ልኩን ያወጣል። ከእርሱ በላይ መደቡን የሚቀባው አለ፤ ከዚያ ፊደል ጣይ፤ ከሁሉ በላይ ሥዕል የሚሠራው። እኔ አንዱንም ሳልዘል ነው የወጣሁት። ያኔ ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ላይ ነበሩና ያልሣልኩት አንበሳ አልነበረም። የቆመ አንበሳ፣ የተኛ አንበሳ፣ ባንዲራ የያዘ አንበሳ፣ አንድ ጊዜም ባለቤቱ ስላዘዘኝ ብርሌ የያዘ አንበሳ ሠርቻለሁ።

ሥዕሉን ማንም ይሥራው ማን ግን የግድግዳው ታችኛ ቀኝ ማዕዘን የጋሽ ታፈሰ ነው። «ታፈሰ፣ ወልቂጤ» ተብሎ ይጻፋል። ደንቡ ነው፤ ለምን የሚል የለም። እኔ ግን በሆዴ ለምን እል ነበር። የእርሳቸውን ስም አሳምሬ የምጽፈው እኔው ነኛ! ያቺን ማዕዘን እንደ ርስት ተመኘኋት።

አንድ ቀን ከቡታጅራ መልእክት መጣ። ሐጂ ሙዘይን የሚባሉ ነጋዴ አዲስ ምግብ ቤት ከነመኝታ ክፍሎቹ፣ ያኔ አልቤርጎ የምንለውን፣ ሠርተው ሠዓሊ ይፈልጋሉ። ጋሽ ታፈሰን ወገባቸውን ያማቸው ስለነበር የጭነት መኪና ላይ መንገላታት አልፈለጉም።

«አንተ ሂድ» አሉኝ። «ሐጂ ግድግዳውን ከወደዱት ማዕዘኑ ያንተ ነው። ቡታጅራም ያንተ ትሁን፤ እዚያው ለራስህ ሥራ። ካልወደዱት ተመልሰህ ቀለም ትበጠብጣለህ።»

«ይወዱታል» አልኩ።

«ግድግዳ በአፍ አይቀባም» አሉኝና ፊታቸውን አዞሩ።

እንደ ዛሬው በአቋራጭ የሚኬድበት መንገድ አልነበረም። በአዲስ አበባ በኩል ዞሬ፣ የጉራጌ ልጆች አዋጥተው ባስወጡት ጥርጊያ መንገድ በጭነት መኪና ወረድኩ። ጥያ ላይ ጎማ ተነፈሰና ሾፌሩ ሲያስተካክል ትክል ድንጋዮቹን ዞሬ አየሁ። የተቀረጸባቸው ሰይፍ እንዴት ያለ ቅርጽ ነው! የጠረባቸው ሰው ግን ማዕዘኑ ላይ ስሙን አልጻፈም። ከልቤ አዘንኩለት።

ሐጂ ሙዘይን ረጅም ናቸው፤ ጢማቸው ነጥቷል፤ ሲራመዱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛሉ። እግራቸውን የሚያማቸው መስሎኝ ነበር። የመርከብ አረማመድ መሆኑን ኋላ ነው የነገሩኝ። በወጣትነታቸው ከመስቃን ተነስተው ጅቡቲ፣ ከጅቡቲም ኤደን ተሻግረው በመርከብ ሆድ ውስጥ ከሰል አንዳጅ ሆነው ዓለምን ዞረዋል።

«አሰላሙ አለይኩም» አልኳቸው። ክርስቲያን ብሆንም ቡታጅራ ስገባ እንዲህ እንድል ሾፌሩ መክሮኝ ነበር።

«ወአለይኩሙ ሰላም። ሠዓሊው አንተ ነህ እንዴ? ልጅ ነህ እኮ!»

«እጄ ሽማግሌ ነው፣ ሐጂ።»

ሳቁና ወደ ውስጥ አስገቡኝ። የመብሉን አዳራሽ ረጅሙን ግድግዳ በእጃቸው ከዳር እስከ ዳር አሳዩኝ። «እዚህ ላይ ባሂያን ትሠራልኛለህ።»

«ባሂያ በየት በኩል ነው? በስልጢ በኩል?»

«በብራዚል በኩል» አሉኝ። «በካርታ ስሟ ሳልቫዶር ነው። መርከበኛ ግን ባሂያ ነው የሚላት። ከወደብ ወደብ ስዞር ኖሬያለሁ፤ በሕልሜ የምትመጣው እርሷ ብቻ ናት። የቤቱም ስም ባሂያ ነው።»

ከዚያ አንድ ጣታቸውን አነሱ። «ስማኝ፣ ልጄ። እዚህ ቤት ሰው ይሰግዳል። ነፍስ ያለው ነገር ግድግዳዬ ላይ አይወጣም። ሰው የለ፣ ወፍ የለ፣ አህያ የለ።»

ከገንዘብ መቀበያው በላይ ግን የጃንሆይ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ አየሁ። «እርሳቸውስ?» አልኩ።

«እርሳቸው መንግሥት ናቸው» አሉኝ።

አንበሳም ሰውም የለም ማለት የሙያዬ ግማሽ ተቆረጠ ማለት ነው። ቢሆንም አልደነገጥኩም። ከተማ ድንጋይና ጣሪያ አይደል? እንዲያውም ቀለለልኝ አልኩ። ግድግዳውን ፋቅኩ፤ ስንጥቁን በስቱኮ ደፈንኩ፤ መደቡን ቀባሁ። ፈትል ሰማያዊ ዱቄት ውስጥ ነክሬ ወጥሬ እየለቀቅኩ ግድግዳውን አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ከፈልኩት። ከዚያ ከሰል ይዤ ሐጂን ጠበቅኩ።

ዙሁር ሰግደው ሲመጡ ከኋላዬ ወንበር ይዘው ይነግሩኛል፤ እኔ እየሰማሁ በከሰል እጭራለሁ። «በመርከብ ሆነህ እያት» አሉ። «ከፊትህ ውሃ። ከውሃው ዳር ወደብና መጋዘን፤ ይህ ታችኛው ከተማ ነው። ከበስተኋላው ገደል። ከገደሉ አናት ላይ ሌላ ከተማ። ሁለት ከተሞች አንዱ በአንዱ ራስ ላይ ተቀምጠዋል።»

«ሰዉ እንዴት ይወጣል?»

«በዳገቱ እያለከለከ። አለዚያም በሳጥን። ከገደሉ ፊት ረጅም ግንብ ቆሟል፤ ውስጡ ሳጥን አለ። ሳጥኑ ውስጥ ትቆማለህ፤ ራስህን ላይ ታገኘዋለህ።»

«ከጉድጓድ እንደሚቀዳ ባልዲ?»

«ልክ እንደ ባልዲ። ቢስሚላህ ብዬ ነው የገባሁት።»

ታሪኳንም በዚሁ መልክ ነገሩኝ። እዚያ ወደብ ላይ አረብኛ የሚያውቅ ሶርያዊ የጨርቅ ነጋዴ ነበርና ይተረጉምላቸው ነበር። ከተማዋ ድሮ የብራዚል መናገሻ ነበረች። ኋላ መናገሻው ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። «እንደ እንጦጦ» አሉ ሐጂ። «ግን አኩርፋ አልቀረችም። ትዘፍናለች፤ ከበሮ ትመታለች፤ ቀስ ብላ ትራመዳለች። የሚያስቸኩላት ሰው ካለ ትስቅበታለች።» የሠሯት ከአፍሪቃ በመርከብ ሆድ ታጭቀው የመጡ ሰዎች ናቸው። የሸንኮራ አገዳውን የቆረጡት እነርሱ፤ ውስጡ በወርቅ የተለበጠውን ቤተ ክርስቲያን ድንጋይ የተሸከሙት እነርሱ። «ቁርአን የሚቀሩም ነበሩባቸው፤ በረመዳን በጌቶቻቸው ላይ ተነስተው ነበር። አልቀናቸውም። እኔም በመርከብ ሆድ ነው የሄድኩት፤ ግን ደመወዝ እየበላሁ ነው። ልዩነቱን ወላሂ እዚያ ስደርስ ነው ያወቅኩት።»

ባሕሩን ስቀባ ግን ጉድ ሆንኩ። በሕይወቴ ያየሁት ትልቅ ውሃ ዋቤ ወንዝ ነው፤ እርሱንም በክረምት። ቡናማና ቢጫ በጥብጬ ሞገድ አስነሳሁ። ሐጂ ቆመው አዩት።

«ይህ ጎርፍ ነው» አሉ። «ከብት ሊወስድ ነው የመጣው። ባሕር ሰማዩን ጠጥቶ ነው የሚያድረው።» ፍቄ እንደገና ሠራሁት፤ ሁለተኛው ተወደደልኝ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ከተማዋ አለቀች። ጣሪያው ቀይ ሸክላ፣ ቤቶቹ ሮዝና ቢጫና ሰማያዊ፣ ግንቡ ከነሳጥኑ፣ ደወል ቤቶቹ ከገደሉ አናት ላይ። እውነቱን ለመናገር አምሮብኝ ነበር። ማዕዘኑን ባዶ ትቼ ሐጂን ጠራኋቸው።

ከዳር እስከ ዳር አዩት። ከዚያ «ይህ መቃብር ነው» አሉኝ።

«ሐጂ፣ ያሉኝን ሁሉ ሠርቻለሁ።»

«ሰዎቹ የት ሄዱ?»

«ሰው አትሣል ያሉኝ እርስዎ ነዎት!»

«ሰው አትሣል አልኩ እንጂ ሰው የለም አላልኩም» አሉኝ፤ ወጥተው ሄዱ።

ተናደድኩ። ሽማግሌው ያረጁ መሰለኝ። መሰላሉን ባልይዘው ኖሮ የማደርገው አይታወቅም። ማታ መኝታዬ ላይ ግን ወልቂጤ ተመልሼ ቀለም ስበጠብጥ፣ ጋሽ ታፈሰ ዓይናቸውን ጨፍነው «ገና ነው» ሲሉ ታየኝ። ማዕዘኗ ከእጄ ልትወጣ ነው።

ማግስቱ አርብ ነበር። ሐጂ ነጭ ለብሰው ወደ መስጊድ ሲወጡ በሩ ላይ አገኘኋቸው። ትናንት ያልነበረ ይመስል «ባሂያም አርብ አርብ ነጭ ነው የሚለበሰው» አሉኝ። «ሙስሊሞች ግን አይደሉም። ወደቡ ደረጃ ላይ ባቄላ ፈጭታ በቀይ ዘይት የምትጠብስ አሮጊት ነበረች፤ ለምን ነጭ ትለብሻለሽ ብዬ አስጠየቅኋት። እናቴም ትለብስ ነበር አለች። ይኸው ነው መልሱ።» ይህን ብለው እየተወዛወዙ ሄዱ።

ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል እንደሚባለው፣ እኔም የምሠራው አጥቼ ተከተልኳቸውና ከመስጊዱ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሰዉ ገብቶ አለቀ። መንገዱ ጭር አለ። በሩ ላይ የቀረው ጫማ ነበር። በረባሶ፣ የጎማ ጫማ፣ ቆዳ ጫማ። ዝም ብዬ ሳየው ጫማው ይናገር ጀመር። ጭቃ የያዘው በረባሶ ከእንሰት ማሳው በቀጥታ የመጣ ገበሬ ነው። የተወለወለው ልብስ ሰፊው ነው፤ ከእርሱ ጎን የተወረወረው ዘግይቶ የሮጠ ሰው ነው። ተረከዙ በውጭ በኩል ብቻ የተበላው ደግሞ የማን እንደሆነ ማን ይነግረኛል? ከመርከብ በቀር እንዲያ አድርጎ ጫማ የሚበላ የለም። ሰው ሳይኖር ሰዉ ሁሉ እዚያ ነበር።

ተነስቼ ወደ ግድግዳዬ ሮጥኩ። ደረጃው ላይ የአሮጊቷን መጥበሻ ከነጭሱ፣ ከጎኑም ባዶ በርጩማ አስቀመጥኩ። መስኮቶቹን ከፋፈትኩ። ነጭ ልብስ ከቤት ቤት በተወጠረ ገመድ ላይ ሰቀልኩ። ከበሮ ግድግዳ አስደገፍኩ። ሳጥኑን ከግንቡ መካከል አቆምኩት፤ ሰው ይዞ እየወጣ ነው። በመጨረሻ በየቤተ ክርስቲያኑ በር ጫማ ደረደርኩ። ወንድ፣ ሴት፣ ሕፃን ሳልል ደረጃውን ሞላሁት። ከዚህ የተሻለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም አልኩ።

ሐጂ መጥተው ከግራ ጀምረው አዩ። መጥበሻው ጋ ሲደርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ልብሱን፣ ሳጥኑን አዩ። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሰዎቹ ናቸው፣ ሐጂ። ውስጥ ናቸው። ቅዳሴ ላይ ናቸው።»

መጀመሪያ ትከሻቸው ነው የተንቀጠቀጠው። ከዚያ እየሳቁ ወንበር ላይ ወደቁ፤ በጋቢያቸው ጫፍ እንባቸውን ጠረጉ። «እዚያ እኮ ከነጫማው ነው የሚገባው!»

«ቤተ ክርስቲያን? ከነጫማው?»

«ከነጫማው!»

አላመንኳቸውም። እኔ ያደግሁበት አገር ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ጫማ በር ላይ ነው የሚቀረው። የእግዚአብሔር ቤት ከነትቢያው የሚገባበት አገር ይኖራል ብሎ ማን ያስባል? ሐጂን ካሁን ካሁን እየቀለድኩ ነው ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። እርሳቸው ግን ሳቃቸው ቀስ በቀስ አለቀ። ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ነበር።

«በዚያ ከተማ» አሉ ቆይተው፣ «ጫማ በር ላይ ሲወልቅ ያየሁት በአንድ ቤት ብቻ ነው።»

እስከዚያች ቀን ስለ ከተማዋ ነበር የነገሩኝ፤ ስለ ራሳቸው አልነገሩኝም። ባሂያ የደረሱት በትኩሳት እየነደዱ ነበር። መርከቡ ጥሏቸው ሄደ። ወደቡ ደረጃ ላይ ወድቀው ያገኘቻቸው ያቺ ባቄላ ጠባሿ አሮጊት ናት። በሰው አሸክማ ዳገቱ መካከል ያለች ባለ ሰማያዊ በር ቤቷ ወሰደቻቸው። አፍ ለአፍ አይግባቡም። እንደ ልጇ አስታመመቻቸው። ቆመው መሄድ የቻሉ ዕለት ወጣ ብለው ሲመለሱ እንደ አገራቸው ደንብ ጫማቸውን በሯ ላይ አወለቁ።

«ሳቀችብኝ» አሉ ሐጂ። «ጫማዬን አንስታ ወደ ውስጥ ልታስገባልኝ ነበር፤ ሌባ እንዳይወስደው። እምቢ አልኩ። በማግስቱ ከደረጃው ስትመለስ የእንጨት ነጠላ ጫማዋን አወለቀችና ከኔ ጎን አኖረችው። ሌላ መርከብ እስከማገኝ ድረስ እንዲያ ነበርን። የሷና የኔ፣ በር ላይ።»

ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እኔን ግን ያቺ ያላየኋት ሰማያዊ በር ናፈቀችኝ።

«የቤተ ክርስቲያኑን ጫማ አጥፋው» አሉኝ። «ውሸት ነው። ሰማያዊ በር ግን ሥራልኝ።»

በማግስቱ ሠራሁት፤ እርሳቸው ከአጠገቤ ቆመው። ከዳገቱ መካከል አንዲት ጠባብ ቤት፣ ከበሯ ፊት አሮጌ የመርከብ ጫማ። «ተረከዙ በውጭ በኩል ይበላ» ሊሉኝ ሲሉ ቀድሜ ሠርቼው ነበር። ቀና ብለው አዩኝ። የእንጨቱን ነጠላ ጫማ ሳስቀምጥ ግን «ጠጋ አድርገው። ጠጋ» አሉ። ጠጋ አደረግሁት።

«አሁን ሰው አለባት» አሉ።

ለምርቃቱ የቡታጅራ ሰው፣ ሼኩም ቄሱም፣ ተጠርቶ መጣ። ጋሽ ታፈሰም ወገባቸውን ይዘው፣ የጭነት መኪናውን እየረገሙ ከወልቂጤ ደረሱ። ማንንም ሰላም ሳይሉ ወደ ግድግዳው ሄደው ዓይናቸውን ጨፍነው በመዳፋቸው ዳበሱት። ያችን «ገና ነው» ጠበቅኩ።

ዓይናቸውን ገለጡ። «አንበሳው የት አለ?»

«አንበሳ የለም፣ ጋሼ።»

«ሰውስ?»

«አለ» አልኩ።

ከግራ ወደ ቀኝ ፈለጉ። ሰማያዊው በር ጋ ሲደርሱ ጎንበስ አሉ፤ ለወገባቸው ቀላል አልነበረም። «ይህ የማን ጫማ ነው?»

«የእኔ ነው» አሉ ሐጂ ሙዘይን ከኋላችን።

ጋሽ ታፈሰ ዞረው የሐጂን እግር አዩ። እንደገና ግድግዳውን አዩ። ከኪሳቸው ቀጭኗን የፊደል ብሩሽ፣ ለማንም የማይሰጧትን፣ አውጥተው ዘረጉልኝ።

«ስምህን ጻፍ» አሉኝ።

እጄ ከልማዱ የእርሳቸውን ስም ሊጀምር ነበር። ቆም አልኩና ጻፍኩ፦ ዘርጋ፣ ቡታጅራ።

ያችን ከተማ ቤቴ አድርጌ ቀረሁ። ከጥያ እስከ አታት ስንት ግድግዳ እንደቀባሁ አላውቀውም፤ የቡታጅራዋን ባሂያ ግን ቀለሟ በደበዘዘ ቁጥር እየሄድኩ አድሳታለሁ። ሐጂ ባረጁበት ዘመን ዓይናቸው ደክሞ ነበር። የመጨረሻ ጊዜ ስሄድ «ባሕሩን ተወው፤ ጣሪያውንም ተወው። ጫማዎቹን ብቻ አድስልኝ» አሉኝ። አደስኩላቸው። ወደ ግድግዳው ተጠግተው መጀመሪያ የእርሷን፣ ቀጥሎ የእርሳቸውን በጣታቸው ዳበሱት። ቀለሙ ገና እርጥብ ነበርና ጣታቸው ላይ ቀረ። አልጠረጉትም።

ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው አንድ ነገር ነው። ያላያችሁትን ከተማ እንድትሥሉ ከታዘዛችሁ፣ ያየውን ሰው ስለ ሕንፃው ብቻ አትጠይቁት። ጫማውን የት እንዳወለቀም ጠይቁት።